ይህ ካላንደር የማን ነው?

ዘንድሮ እኔ ቤት የሚገባ እንግዳ ሰላምታውን እንደጨረሰ ዓይኑ የሚያርፈው እኔ ላይ አይደለም፤ ግድግዳው ላይ ነው። ጉልበቴ እንዴት እንዳደረ አይጠይቅም። ጤፍ ስንት እንደገባ አይጠይቅም። የተሰቀለው ካላንደር የየትኛው ባንክ እንደሆነ ያይና ብሔሬን፣ ሃይማኖቴን፣ ለማን እንደማደላና ማንን እንደማልወድ ቡናው ሳይቆላ ጨርሶ ያውቃል።

«ውይ ጋሼ፣ አንቱም ከእነሱ ጋር ነዎት?» ይለኛል።

እነሱ ማን ናቸው? እኔ የማውቀው የካላንደሩ ቁጥር ወፍራም መሆኑን ነው። ዓይኔ ደክሟል። ሐምሌን ከነሐሴ ለመለየት መነጽር የሚፈልግ ሰው አርማ አይመርጥም። ደግሞም የሐበሻው፣ የፈረንጁና የሂጅራው ቀን አንድ ላይ የታተመበት ይሻለኛል። እኔ ረመዳን መቼ እንደሚገባ አይበታለሁ፣ ክርስቲያኗ እህቴ የግሸንን ንግሥ ትቆጥርበታለች፣ ሚስቴ ደግሞ አሜሪካ ያለው ልጃችን የሚደውልበትን ቅዳሜ በእስክሪብቶ ታከብበታለች። ይህን ሁሉ ሥራ የሚሠራ ወረቀት ከየትም ይምጣ፣ ሚስማር ይገባዋል።

ካላንደሩስ ይሁን፣ ቤት ውስጥ ነው። የባሰው ዣንጥላው ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ባንክ የሰጠኝን ዣንጥላ ይዤ ለቀብር ብወጣ፣ ሰዉ ሟቹን ትቶ እኔን ይገላምጥ ጀመር። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። አጠገቤ የቆመው ዘመዴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይሄን ነገር ባይዙት ጥሩ ነበር፤ እነዚህ ሰዎች ምን ሲያደርጉን እንደከረሙ እያወቁ» አለኝ። እንዲህ እያለኝ ግን ትከሻውን ከዣንጥላው ሥር አላወጣም። እንዲያውም ወደ መሐል ገፋ አደረገኝና የኔ ግራ ጎን በሰበሰ።

እኔ በተሁለደሬና በአምባሰል ጂኦግራፊ ሳስተምር ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ። በኔ ጊዜ ሐይቅ ከተማ ውስጥ «የትኛው ባንክ ይሻላል?» የሚል ጥያቄ አልነበረም። ባንክ ማለት ንግድ ባንክ ነው፤ ሌላው ብር የሚቀመጠው በሳጥን፣ በጎታ ወይም በእናታችን መቀነት ነው። መቀነት ወለድ አይሰጥም፣ ኮፍያም አያድልም፤ ነገር ግን ማንም ሰው እናቴን «መቀነትሽ የየትኛው ብሔር ነው?» ብሏት አያውቅም።

ይህን ሁሉ ሰሞኑን የቀሰቀሰብኝ ልጄ ነው። ያለው ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቅዳሜ ደወለና ጤንነቴን እንደጠየቀ «አባዬ፣ ክሬዲት ካርዴን ልቀይር ነው፤ የባንኩ ፖለቲካ አልተመቸኝም» አለኝ። ባንኩ እሱ ለማይወዳቸው ኩባንያዎች ያበድራል፣ እሱ ለማይመርጣቸው ሰዎች የምርጫ ገንዘብ የሚሰጡ አለቆች አሉት። እኔም «እሰይ የኔ ልጅ፣ ቀይረው እንጂ» አልኩት።

«ነገሩ ግን አባዬ፣ ነጥብ አለኝ።»

ነጥብ ምንድነው ብዬ ብጠይቅ ያስረዳኝ ገባ። ካርዱ የሚያወጣው የባንኩን ብር ነው፤ አንተ በወሩ መጨረሻ ትከፍላለህ። በሰዓቱ ካልከፈልክ በዓመት ከ20 በመቶ የሚበልጥ ወለድ ይጭኑብሃል። በሰዓቱ ከከፈልክ ግን 100 ዶላር ባወጣህ ቁጥር 1 ወይም 2 ዶላር ይመልሱልሃል፤ ወይም ነጥብ ይሰጡህና ነጥቡ ሲጠራቀም በነጻ አውሮፕላን ትሳፈርበታለህ። ይህ እኛ ዘንድ ዱቤ ይባላል። ባለሱቁ በደብተር ይጽፈዋል፣ ሽልማቱም ግልምጫ ነው።

«ለመሆኑ የሚመለስልህን 2 ዶላር ማን ነው የሚከፍለው?» አልኩት። ልጄ ሐቀኛ ነው፣ አልሸሸገኝም። ባለሱቁ ካርድ ሲቀበል ለባንክ ከሚከፍለው ኮሚሽን ነው። ባለሱቁ ደግሞ ያንን ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። የቀረው ወሩን መክፈል አቅቶት ወለድ ከተቆለለበት ሰው ይመጣል። እንግዲህ የኔ ልጅ በአውሮፕላን የሚሳፈረው፣ ካርድ የሌለው ድሃ ዳቦ በገዛበት ዋጋና ወር በደረሰ ቁጥር በሚጨነቅ ባለዕዳ ነው ማለት ነው። ይህን ስነግረው ዝም አለ። ከዚያ «ግን አባዬ፣ ካርዱን ብዘጋው ነጥቡ ይቃጠላል» አለኝ። እስካሁን አልዘጋም። ዕድሜ ለነጥቡ፣ ለመጪው ዒድ እንደሚመጣ ቃል ገብቶልኛል፤ በእናቱ ፊት ስለ ባንኩ ክፋት ደግሜ እንዳላነሳ ተነግሮኛል።

ይህ ልጅ በባንክና በፖለቲካ ሲያምሰኝ የመጀመሪያው አይደለም። አገሩ በተቃውሞ በተናጠበት፣ ከ2008 እስከ 2010 በነበረው ጊዜ፣ ውጭ ያለው ዳያስፖራ «ለዚህ መንግሥት ዶላር አንሰጥም፣ በባንክ አትላኩ» የሚል ዘመቻ ነበረው። ልጄም ዘማች ሆነ። ብሩ መጣ፤ ግን በባንክ አልመጣም። አንድ የማላውቀው ጎረምሳ በባጃጅ መጥቶ በር ላይ ቆሞ በጥቁር ፌስታል አቀበለኝ። መንግሥትን የጎዳው ልጄ ይሁን አላውቅም፤ እንቅልፍ ያጣሁት ግን እኔ ነኝ። ሌሊቱን ፌስታሉን ከትራስ ሥር አድርጌ ውሻ በጮኸ ቁጥር ስነሳ አደርኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ዋጋ በገበያ ይወሰን ተብሎ የባንኩ ምንዛሬ ሽቅብ ሲወጣ ልጄ እንደገና በባንክ መላክ ጀመረ። ፖለቲካው ተቀይሮ ነው ወይስ ምንዛሬው? አልጠየቅኩትም፤ አባት ሁሉን አይጠይቅም።

ወደኛ ልመለስ። እዚህ ካርድ ማለት የራስህን ብር ከማሽን የምታወጣበት ነው፤ የባንኩን ብር አይደለም። ሽልማት ግን አለን። ባንኮቹ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» ብለው ዕጣ ያወጣሉ፤ መኪና፣ ፍሪጅ፣ ስልክ ይባላል። አሸናፊው ሁልጊዜ የማናውቀው አገር የማናውቀው ሰው ነው። ለኔ የሚደርሰኝ ኮፍያ ነው። ዋናው ሽልማት ደግሞ ወለዱ ነው ይሉናል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 የቁጠባ ወለድ ከ7 በመቶ እንዳያንስ ብሎ ወሰነ። እህቴ 10 ሺህ ብር ብታስቀምጥ በዓመት 700 ብር ታገኛለች፤ መንግሥት 5 በመቶ ግብሩን ይወስድና 665 ይቀራታል። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ሒሳቡን ለተማሪ ብሰጠው «መምህር፣ ሴትዮዋ ለባንኩ እየከፈለች ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

እኔ ወለድ አልበላም፤ ሐራም ነው። ለዚህ ነገር ብዙ ዘመን መላ አልነበረም። ወለዱን ለባንኩ እተዋለሁ፣ ባንኩም «አላህ ይስጥልን» አይልም። ዘምዘም የሚባለውን ባንክ ለማቋቋም ሰዎች ከረጅም ጊዜ በፊት አክሲዮን ሲሸጡ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ከወለድ ነጻ አገልግሎት በሌሎች ባንኮች መስኮት ብቻ ይሰጥ አለና ነገሩ ተኮላሸ። ፈቃዱ የመጣው በ2011 ዓ.ም. ነው፤ ዘምዘምም በ2013 ሥራ ጀመረ፣ ሒጅራ ተከተለው። ሌሎቹም ሲያዩ ቀስ ብለው መስኮቶቻቸውን አሰፉ፤ ንግድ ባንክ ኑር፣ ዳሸን ሸሪክ፣ አዋሽ ኢኽላስ፣ አቢሲንያ አሚን ብለው ስም አወጡ። ስሞቹ ሁሉ ደስ ይላሉ። የኛ ሰፈር ኢማም ልጅ ቢወልዱ ከዚህ የተሻለ አያወጡም።

ይህን ሰምቼ «እንግዲያው መፍትሔው ተገኘ» ብዬ ደስ ቢለኝ፣ ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ወሎ ውስጥ ቤተሰብ ሲሰበሰብ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ትልቋ ምራቴ የከሚሴ ኦሮሞ ናት። ሁለተኛዋ ልጄ ያገባችው የመቀሌ ሰው ነው። እህቴ ውጫሌ ያገባች ክርስቲያን ናት። የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ያላገኘ፣ ስለዚህ ሁሉን የሚያውቅ ጎረምሳ ነው። የኔ አባት ስሙ የመስጊድ፣ አያቴ ስማቸው የቤተ ክርስቲያን ነው። ባንክ ቤት ፎርም ስሞላ ጸሐፊዋ ልጅ ቀና ብላ «አባባ፣ የአያት ስም ላይ ተሳስተዋል መሰለኝ» ብትለኝ፣ «አልተሳሳትኩም ልጄ፣ ወሎ ነው» አልኳት።

ቡናው ቀረበና ለጡረታዬ ሌላ ደብተር የት እንደምከፍት ምክር ተጀመረ። በአቦሉ የልጅ ልጄ አማራ ባንክ አለ። ሰኔ 11 ቀን 2014 ሥራ ሲጀምር ከ140 ሺህ በላይ ባለአክሲዮን እንደነበረው፣ ይህ ደግሞ በአገሪቱ ታሪክ ታይቶ እንደማይታወቅ አስረዳን። ምራቴ ቡናዋን ፉት ብላ «እሺ፣ ልጆቼ ግን ስሙን ሲያነቡ በየትኛው ጎናቸው ይግቡ? በአባታቸው ወይስ በኔ?» አለች። ለሷ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ ይሻላል፤ ከገበሬ ማኅበራት የተነሣ ነው። ጎረምሳው ተነሥቶ ቆመ። «አያቴ በሱ ካርድ ደሴ ላይ ቢታዩ እኔ ከጓደኞቼ ጋር እንዴት እቀመጣለሁ?» እኔ የሱን ጓደኞች አውቃቸዋለሁ፤ የሚቀመጡበት በርጫ ቤት የማንንም ካርድ አይቀበልም፣ ጥሬ ብር ነው።

በቶናው ተራው የአማቼ ሆነ። ወጋገን ባንክ ደብተር አለው። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ወጋገን ውስጥ የሕወሓቱ ኤፈርት አክሲዮን እንደነበረው አገር ያወቀው ነው፤ እሱ ግን ከፓርቲ ጋር ጉዳይ የለውም፣ ደብተሩን የከፈተው ከሥራ ቦታው ፊት ለፊት ስለነበረ ነው። «ባንኩ ለቢሮዬ ቅርብ ነበር» ባለ ቁጥር ሰው የሚመልስለት በዓይን ነው። እህቴ ነገሩን ለማብረድ «ዓባይ ባንክስ? ወንዝ ነው፣ ማንን ያስቀይማል?» ብትል፣ አራት ሰው በአንድ ጊዜ የወንዙን ሳይሆን የመሥራቾቹን አገር ነገራት። እኔ ለቀልድ «አምባሰል የማር አገር ነው፤ ንብ ባንክ ይሁንና እንገላገል» ብል፣ ጎረምሳው የንብን መሥራቾችም ከየት እንደመጡ ቆጠረልኝ። ይህ ልጅ የኢትዮጵያን ወንዞች ከነገባሮቻቸው አስተምሬው አንዱን አልያዘም፤ የሠላሳ ባንክ ባለአክሲዮኖችን ዘር ግን በቃሉ ያውቃል።

ዳሸን የሚል ሐሳብም መጣ። ሼህ ሙሐመድ አላሙዲ ያሉበት ነው፣ እሳቸው ደግሞ የወሎ ልጅ ናቸው፣ ወልድያ ላይ ስታዲየም አሠርተዋል ተባለ። ይኼኛው ሊያስማማን ነው ስል፣ በዚያ ዘመን ሼሁ ከየትኛው ባለሥልጣን ጋር ፎቶ እንደተነሡ የሚያስታውስ ሰው አልጠፋም። እኔን ያሳዘነኝ ሌላ ነው። ራስ ዳሸን ተራራ እኔ ሳስተምር 4,620 ሜትር ነበር። አሁን በአዲስ መሣሪያ ተለክቶ 4,533 ነው ይላሉ። ተራራውም እንደ ብሩ ዋጋው ወርዷል።

በረካው ሲቀዳ ሁሉም ወደ ንግድ ባንክ ዞሩ። «የመንግሥት ነው፣ የማንም አይደለም።» የማንም ያልሆነ ነገር ወሎ ላይ አይቼ አላውቅም። ንግድ ባንክ የየመንግሥቱ ነው። በ1956 ዓ.ም. በጃንሆይ ጊዜ ራሱን ችሎ ወጣ። ደርግ በ1967 ታኅሣሥ የግል ባንኮችን ሲወርስ፣ ውሎ አድሮ ሁሉም ተጠቃለሉበት። ኢሕአዴግ መጣ፣ ልማታዊ ሆነ፤ ስኳሩም ባቡሩም ግድቡም ከሱ ተበደረ። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ድርጅቶች ያልከፈሉትን ዕዳ መንግሥት ራሱ ተሸክሞ ወደ 900 ቢሊዮን ብር የሚሆን ቦንድ አወጣለት። እኔ ለባለሱቅ 900 ብር ዕዳ ቢኖርብኝ ቦንድ አወጣለሁ ብዬ ብሞክር ልብሴን ያስወልቀኛል። በመጋቢት 2016 ደግሞ ሲስተሙ ሌሊት ተዛብቶ ተማሪዎች የሌላቸውን ብር ሲያወጡ አደሩ፤ ባንኩ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ እስከመለጠፍ ደረሰ። ጎረምሳው ያን ሌሊት ተኝቶ በማደሩ እስከ ዛሬ ይቆጨዋል።

ለነገሩ ባንክና ፖለቲካ እዚህ አገር ተለያይተው አያውቁም። ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. ያስከፈቱት የአቢሲንያ ባንክ አስተዳደሩ የግብጽ ብሔራዊ ባንክ ነበር፤ ከኋላው እንግሊዝ ነው። ተፈሪ መኮንን ነግሠው በ1923 ዘግተው የኢትዮጵያ ባንክ አደረጉት፤ ደሴም ቅርንጫፍ ነበረው። ያን ጊዜ ደሴ ላይ ደብተር የነበረው ነጋዴ የግብጽን ፖለቲካ ጠልቼ ነው አላለም። ባንኩ ክፍት መሆኑን ነው ያየው። የዛሬው ሰው ግን አዋሽ በ1987 በሩን ከከፈተ ወዲህ ከ30 በላይ ባንክ እየቆጠረ፣ እያንዳንዱን በዘር፣ በሃይማኖትና በክልል ደርድሮ፣ የቀረውን ሲፈልግ ይደክማል። የሴቶች እናት ባንክ አለ፣ የቡና አለ፣ የፀሐይ አለ። የሽማግሌዎች ባንክ የለም። የወሎው ሼህ ሁሴን ጅብሪል ስንቱን ተነበዩ ሲባል እሰማለሁ፤ የባንክ ዘር የሚቆጠርበት ዘመን እንደሚመጣ ግን አልነገሩንም።

ወሎ ላይ «ከየትኛው ወገን ነህ?» የሚለው ጥያቄ እንግዳ አይደለም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎን መኳንንት ወይ ተጠመቁ ወይ ሹመታችሁን ልቀቁ ሲሏቸው፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል ሆነው ወጡ፤ ኋላም ንጉሥ ተባሉ። ያን ጊዜ ቢያንስ ሹመት ነበረበት። እኔን ዛሬ ወገን አስመርጠው የሚሰጡኝ ኮፍያና ዣንጥላ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን አልቀልድም። በጥቅምት 2014 የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ሐይቅን ሲያዳርስ ባንኮቹ ሁሉ ተዘጉ። የአማራ የተባለውም፣ የኦሮሞ የተባለውም፣ የመንግሥቱም። ደብተሬ ላይ ብር አለ፤ ጨው የምገዛበት የለኝም። ኅዳር 27 ቀን ደሴ ነጻ ወጣች ሲባል መጀመሪያ የተጠየቀው «ባንክ መቼ ይከፈታል?» ነበር። አማቼ ደግሞ በዚያው ሰሞን እናቱ መቀሌ ባንኩ ተቆልፎባቸው፣ የራሳቸውን ቁጠባ ሳያገኙ ከአንድ ዓመት በላይ ከርመዋል። እኔና እሱ ያን ወቅት አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ ሁለታችንም ብር ያለን ድሆች ነበርን። ሐይቅ ላይ ገንዘብና ጦር ሲገናኙ የመጀመሪያው አይደለም። በ16ኛው መቶ ዘመን የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት የገዳሙን ሀብት ለኢማም አሕመድ ሠራዊት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን ከመቃጠል እንዳዳኑ የኢማሙ ታሪክ ጸሐፊ ራሱ ጽፎታል። እነሱ እንኳ ብራቸውን ሰጥተው የሚያድኑት ነገር ነበራቸው። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል እንደገና ሲታመስ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ፣ በስልካችሁ ክፈሉ የተባልነው ሁሉ ስልካችንን እንደ ሬዲዮ ይዘን ቀረን።

ወደ ቡናው ልመለስና፣ ጎረምሳውን አንድ ጥያቄ ጠየቅኩት። «ወገንህ ነው የምትለው ባንክ ለማን ነው የሚያበድረው?» ብሔራዊ ባንክ ራሱ በ2016 ባወጣው ሪፖርት መሠረት ከባንኮች ብድር ሩብ ያህሉን የያዙት 10 ተበዳሪዎች ናቸው። አሥር! በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሰው አክሲዮን ገዝቶ፣ ሚሊዮን ሰው ቆጥቦ፣ ካላንደር ሰቅሎ፣ በዣንጥላ ተጣልቶ፣ ብድሩ አሥር በር ላይ ይቆማል። የአምባሰል ንብ አርቢ ዘመናዊ ቀፎ ልግዛበት ቢል መያዣ ቤትህን አምጣ ይባላል፤ የገጠር ቤት ደግሞ በአብዛኛው መያዣ አይሆንም። ድሮ ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ ከአብቁተ፣ በቡድን ዋስትና ተበድረን ዘር ገዝተናል፤ እሱም አሁን ፀደይ ባንክ ሆኖ ሱፍ ለብሷል። እኔ ባንክ የምጠላው በፖለቲካው ከሆነ፣ ፖለቲካው ይሄ ነው፤ ከየት እንደመጡ አይደለም፣ ለማን እንደሚሰጡ ነው። ጎረምሳው ስልኩን አየ። መልስ ያለው መሰለኝ፤ ግን ኔትወርክ አልነበረም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ደግሞ የውጭ ባንኮች ይግቡ ብሏል። ይምጡ። የነሱን ብሔር የሚያውቅ ሰው ሐይቅ ላይ ስለሌለ ምናልባት አንድ ክረምት በሰላም ዣንጥላ እንይዛለን። ብቻ ውል ሲያመጡ ሁሉንም ገጽ እናነባለን፤ በ1881 ከጣሊያን ጋር የተፈረመው የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 እዚሁ ከጎናችን የተጻፈ ነው፣ አልረሳነውም።

ምርጫዬን ልንገራችሁና ላብቃ። እኔ የመረጥኩት ቅርንጫፍ ከቤቴ እስከ በሩ ዳገት የለውም። ወንበር አለው፤ ሽማግሌ ሲገባ ወጣቱ ይነሣል። ጥበቃው በመፈተሻው ምርኩዜን ይዳስስና «ወይራ ነው ጋሼ፣ ይለፉ» ይለኛል። ለፋይዳ መታወቂያ አሻራ ስሰጥ ማሽኑ ጣቴን አላነብ ቢል፣ ልጅቷ አልተበሳጨችም። ዕድሜ ልኬን የያዝኩት ጠመኔ አሻራዬን በልቶት ነው ብላት ሳቀች፣ እጄን በለብ ያለ ውኃ አስታጥባ፣ በሌላ ጣት ሞከረች። ይህች ልጅ የየት አገር ሰው እንደሆነች አልጠየቅኳትም፤ ሰው ጣትህን እያጠበልህ ዘሩ አይጠየቅም። የባንኩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ወዲያው ከማን ጋር እንደሆንኩ ታውቃላችሁ።

አንድ ልመና ግን አለኝ፤ ለሁሉም ባንኮች ነው፣ ለአማራውም ለኦሮሞውም፣ ለባለ ወለዱም ለከወለድ ነጻውም። ደጃፋችሁ ላይ የቆመው ማሽን ባለፈው ሳምንት «ከአገልግሎት ውጪ» ይል ነበር። ጡረታ ሊወጣ ነው። እባካችሁ ዘንድሮ የኮፍያውን በጀት ተዉትና ማሽኑ ውስጥ ብር ጨምሩበት።